የአይአርኤስ ደብዳቤ መጣብኝ፤ ጉዳዩ ያላለቀ ስደተኛ መከራከር ይችላል?

የማለዳ ሾፌር፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልታየም። የሥራ ፈቃድና ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) አለኝ። ራይድ እሠራለሁ፣ ታክስም በየዓመቱ አስሞላለሁ። አሁን ከአሜሪካ የታክስ መሥሪያ ቤት፣ ከአይአርኤስ፣ ሲፒ2000 የሚባል ደብዳቤ ደርሶኛል። የሞላኸው ገቢና እኛ ጋ ያለው አይገናኝም፣ ስለዚህ ታክስ፣ ቅጣትና ወለድ ይጨመርብሃል ይላል። ገንዘቡ ለእኔ ብዙ ነው።

ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዳንዶቹ ዝም ብለህ ክፈል፣ ኬዝ ላይ ያለ ሰው ከመንግሥት ጋር አይካሰስም ይላሉ። ሌሎቹ ኮምፒውተር የላከው ነው፣ ተወው ይላሉ። ግሪን ካርድ እንኳ የሌለኝ ሰው አልስማማም የማለት መብት አለኝ? ብልስ የጥገኝነት ጉዳዬን ይጎዳብኛል?

ሂሳብ ሠሪዋ፦
ወንድሜ፣ አሁኑኑ አትክፈል፣ አትጣለውም። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እኔ አይአርኤስ ፊት ሰው የመወከል ፈቃድ አለኝ፤ ይህ ደብዳቤ በየጊዜው እጄ ይገባል። ሲፒ2000 ገና የክፍያ ማዘዣ አይደለም። እንዲህ ልናስተካክለው አስበናል፣ አንተስ ምን ትላለህ ብሎ የሚጠይቅ ደብዳቤ ነው። ሦስት መልስ ይቀበላል፦ እስማማለሁ፣ በከፊል እስማማለሁ፣ አልስማማም።

ሾፌሮች ላይ የሚመጣበት ምክንያት የታወቀ ነው። የራይድ ኩባንያው 1099-ኬ የሚባለውን የክፍያ ማሳወቂያ ቅጽ ሲያወጣ የሚጽፈው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው። የራሱን ኮሚሽን አይቀንስም። ለምሳሌ ተሳፋሪዎች 60,000 ዶላር ከፍለው ወደ ባንክህ የገባው 42,000 ሊሆን ይችላል። ታክስ የሞላልህ ሰው 42,000 ብቻ ከጻፈ፣ ኮምፒውተሩ 18,000 ዶላር እንደተደበቀ ይቆጥረዋል። መሆን የነበረበት 60,000ውን በሙሉ ጽፎ የኩባንያውን ድርሻ በወጪ መቀነስ ነው። ማይልህ ያልተቀነሰ ከሆነ ደግሞ እሱም አለ። ለ2024 በማይል 67 ሳንቲም፣ ለ2025 ደግሞ 70 ሳንቲም ነው፤ መዝገብ ግን ያስፈልገዋል።

መልስ የሚሰጥበት ቀን ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ነው። ጊዜ ካነሰህ ቀኑ ሳያልፍ ደውለህ ጭማሪ ጠይቅ። ምክንያትህን ባጭሩ ጻፍ፣ የኩባንያውን ዓመታዊ ማጠቃለያ አያይዝ። ዋናውን ወረቀት አስቀርተህ ኮፒ ላክ።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ ምክሩ ጥሩ ነው። ፍርሃቱን ግን አትናቁት። አገር ቤት በንግድ ያደግን ሰዎች ታክስ መከራከር ምን እንደሚያስከፍል እናውቃለን። በእኛ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ወደ ታክስ ይግባኝ ኮሚሽኑ ለመሄድ የተከራከርክበትን ታክስ ግማሹን አስቀድመህ ክፈል ይል ነበር። ግማሹ ኪሱ ውስጥ የሌለ ነጋዴ ይግባኝ የለውም ማለት ነው። ስለዚህ ሰዉ ከመከራከር መደራደርን፣ ከመደራደርም ጭጭ ብሎ መክፈልን ለመደ። እዚህ መጥቶም ልማዱ አይለቀውም። ይኼ ልጅ ደግሞ ወረቀቱ ያላለቀ ነው። ለጥቂት ሺህ ዶላር ብሎ ስሙ ፍርድ ቤት ባይደርስ ይሻለዋል ባይ ነኝ።

ሕግ ተማሪ፦
ጋሼ፣ የአገር ቤቱን በደንብ ገልጸውታል። እዚህ ያለው መንገድ ግን የተሠራው በተቃራኒው ነው።

በሲፒ2000 ካልተስማሙ፣ ወይም ልጁ መልስ ሳይሰጥ ከቀረ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የ90 ቀን ደብዳቤ የሚባለው ነው። ሕጉ አይአርኤስ ይህን ደብዳቤ ሳይልክና 90 ቀን ሳይጠብቅ እንዲህ ያለውን ጭማሪ እንዳይጥል ይከለክለዋል። በነዚህ 90 ቀናት ውስጥ የአሜሪካ የታክስ ፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። አንድ ዶላር ታክስ አስቀድሞ አይከፈልም። የመዝገብ መክፈቻው 60 ዶላር ነው፤ አቅም የሌለው ሰው ነጻ እንዲደረግ ይጠይቃል። በአንድ ዓመት የተከራከሩበት ገንዘብ ከ50,000 ዶላር ካልበለጠ ቀለል ያለውን አሠራር መምረጥ ይችላሉ። እዚያ የማስረጃ ደንቡ ይላላል፣ ሰው ያለ ጠበቃ ይቀርባል። አንድ ጉዳቱ ውሳኔው ይግባኝ የለውም። ዋናው ፍርድ ቤት ዋሽንግተን ቢሆንም ዳኞቹ በየከተማው እየዞሩ ያስችላሉ። አብዛኛው መዝገብ ደግሞ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል።

90 ቀኑ ካለፈ ግን መንገዱ ይጠባል። ያን ጊዜ በመደበኛው ፌዴራል ፍርድ ቤት ለመከራከር መጀመሪያ ታክሱን ሙሉ በሙሉ ከፍሎ ተመላሽ ይሰጠኝ ብሎ መክሰስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1960 ፍሎራ በተባለው መዝገብ የወሰነው ይህንን ነው። ጋሼ የፈሩት ዓይነት ሥርዓት እዚህም አለ፤ የሚያገኘው ግን ቀን ያሳለፈውን ሰው ነው።

ስለ ስደተኛው መብት ደግሞ የሕገ መንግሥቱ 5ኛ ማሻሻያ መንግሥት ያለ ተገቢ የሕግ ሥርዓት የማንንም ሰው ንብረት አይወስድም ይላል። ዜጋ ብሎ አልወሰነውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 በዎንግ ዊንግ ጉዳይ ለቻይናውያን ስደተኞች፣ በ2001 ደግሞ በዛድቪዳስ ጉዳይ ይህን አጽንቷል። በ2001ዱ ውሳኔ ጥበቃው በአሜሪካ ምድር ላለ ሰው ሁሉ ነው፤ አገባቡ ሕጋዊ ሆነም አልሆነ። የታክስ ሕጉም ቢሆን አንተን በግብር ከፋይነትህ ነው የሚያውቅህ። አይአርኤስ በ2014 ያወጣቸው፣ ኮንግረስ በ2015 መጨረሻ ሕግ ውስጥ ያስገባቸው አሥር የግብር ከፋይ መብቶች አሉ። ከነሱ ውስጥ የመረጃ መብት፣ ተቃውሞ የማቅረብና የመሰማት መብት፣ ገለልተኛ አካል ዘንድ ይግባኝ የማለት መብት፣ ተወካይ የማቆም መብት ይገኛሉ። አንዱም ግሪን ካርድ አይጠይቅም።

እናት በዳላስ፦
የማለዳ ሾፌር፣ አይዞህ ልጄ። የእኔን ልንገርህ። እኔን የጠየቁኝ ገቢ አይደለም፣ ልጄን ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠውን ተመላሽ ስጠይቅ ልጁ ያንቺ መሆኑን፣ ከአንቺ ጋር መኖሩንም አሳዪ የሚል ኦዲት በፖስታ መጣ።

የእኛ ስም አወጣጥ እዚህ አገር ያስቸግራል። ልጄ ሁለተኛ ስሙ የአባቱ ስም ነው። እኔ ደግሞ የአባቴን ስም ነው የያዝኩት። ባሌም የራሱን አባት ስም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያየ የቤተሰብ ስም አለ ማለት ነው። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ይህን በምን ያውቃል? ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተስፋ ቆርጦ ገንዘቡን ይመልሳል፤ የራሱን ልጅ ልጄ ነው ማለት አቅቶት።

እኔ በከተማችን ነጻ የታክስ ክሊኒክ አገኘሁ። የልደት ምስክር ወረቀቱን ከተረጋገጠ ትርጉም ጋር፣ ከትምህርት ቤት አድራሻችንን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ከልጁ ሐኪም ቤት ሌላ ደብዳቤ አያያዝን። ስለ ስም አወጣጣችንም በአንድ አንቀጽ አብራራን። ተቀበሉት። ክሊኒኩ ስለ ወረቀቴ የጠየቀኝ ነገር የለም፤ የጠየቀኝ ገቢዬን ነው።

ሂሳብ ሠሪዋ፦
እህቴ የተናገሩትን ላጠናክር። እነዚህ ክሊኒኮች ከአይአርኤስ ጋር ክርክር ላለው ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ጠበቃ ያቆማሉ። የገቢ ወሰኑ በአጠቃላይ የፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 250 በመቶ ነው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው የሆነ ሰዎችን ስለ መብታቸው ማስተማርም ሥራቸው ነው። ዝርዝራቸው የአይአርኤስ ሕትመት 4134 ላይ አለ። ለማለዳ ሾፌር ቅርብ ከሆኑት አንዱ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒክ ነው። ሪችመንድ ያለውን የቨርጂኒያ ክሊኒክ በ1992 የመሠረተችው ኒና ኦልሰን ናት። እሷ በኋላ ከ2001 እስከ 2019 የአገሪቱ ብሔራዊ የግብር ከፋዮች ተሟጋች ሆና አገልግላለች።

የማለዳ ሾፌር፣ ታክስ ላይ አለመስማማት ወንጀል አይደለም። የጥገኝነት ጉዳይህን የሚጎዳው የውሸት ወረቀት ማስገባት ነው። በማስረጃ መከራከር አይደለም። እና ታክስ የሞላልህ ሰው ቅጹ ላይ ፈርሟል? የራሱን መለያ ቁጥር ጽፏል? ካልፈረመ ሌላ ሰው ፈልግ። ማህበረሰባችን ውስጥ ገንዘብ ተቀብለው ስማቸውን የማያሰፍሩ ሰዎች አሉ፤ ደብዳቤ ሲመጣ ስልክ አያነሱም። ደንበኛው ብቻውን ይቀራል። ይህ በጣም ያናድደኛል።

ስም የለሽ፦
እኔ ሶሻል የለኝም። በአይቲን ነው ታክስ የምሞላው፤ ሶሻል ለሌለው ሰው አይአርኤስ የሚሰጠው፣ በ9 የሚጀምረው ቁጥር ማለት ነው። ኦዲት መጥቶብኛል። አይአርኤስ መረጃ ለኢሚግሬሽን ይሰጣል ሲባል ሰምቼ መልስ ለመላክ ፈራሁ። አድራሻዬን በእጄ መስጠት አይሆንም ወይ?

የድሮ ሰው፦
እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። ዘንድሮ ሕጉና የሚሠራው ሥራ ለየቅል ነው።

ሕግ ተማሪ፦
ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን እስከ የት ድረስ እንደሆነ ልናውቀው ይገባል።

የታክስ መረጃ ምስጢር ነው። ኮንግረስ ሕጉን በ1976 ያጠበቀው ከዋተርጌት የፖለቲካ ቅሌት በኋላ ነው፤ ፕሬዚዳንቶች የሰውን የታክስ መዝገብ ለፖለቲካ እንዳይጠቀሙበት። ለሌላ መሥሪያ ቤት የሚሰጠው ሕጉ በዘረዘራቸው ጉዳዮች ብቻ ነው። በኤፕሪል 2025 ግን አይአርኤስና የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ስምምነት ተፈራረሙ። የወንጀል ምርመራን የሚመለከተውን የሕጉን በር ተጠቅመው የመባረር የመጨረሻ ትእዛዝ ያለባቸውን ሰዎች አድራሻ ለመለዋወጥ ነው። ያኔ የአይአርኤስ ተጠባባቂ ኃላፊ የነበሩት ሜላኒ ክራውስ ሥራቸውን ለቀቁ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በጋ ኢሚግሬሽን ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ስም ልኮ ጠየቀ፤ የብዙ ሺህ ሰዎች አድራሻም ተላለፈ። በኖቬምበር 2025 የዋሽንግተን ፌዴራል ዳኛ ኮሊን ኮላር-ኮቴሊ አሠራሩ ሕጉን ይጥሳል ብለው አገዱት። ከሳሾቹ መካከል ቀዳሚው ሂሳብ ሠሪዋ የጠቀሰቻት ኒና ኦልሰን የምትመራው የግብር ከፋዮች መብት ማዕከል ነው። ክርክሩ በዚያ አልቆመም፤ ስለዚህ ዜናውን መከታተል ያስፈልጋል።

ስም የለሽ፣ የመባረር የመጨረሻ ትእዛዝ ካለብህ ለኦዲቱ ከመመለስህ በፊት ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ተነጋገር። ይህን ሳታደርግ ምንም አትላክ። ትእዛዝ ከሌለብህ ግን ያንተ ሁኔታ ከስምምነቱ ዒላማ የተለየ ነው። ደግሞም ኦዲት ደብዳቤ ከደረሰህ አድራሻህ እነሱ ዘንድ አለ። መልስ ባለመላክ የምትደብቀው ነገር የለም። የምታጣው ግን አለ፤ ዝም ስትል እነሱ ያሰቡት ቁጥር ይጸድቃል።

ሂሳብ ሠሪዋ፦
ታክስ አለመሙላትም መደበቂያ አይሆንም። ቅጽ ካስገባህ አይአርኤስ በአጠቃላይ ታክስ ለመጨመር 3 ዓመት ነው ያለው። ካላስገባህ ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊጠይቅህ ይችላል። እኔ ለአይቲን ደንበኞቼ የምነግራቸው ጠበቃ አማክሩ፣ ከዚያ በተወካይ በኩል ቅረቡ ነው። ፎርም 2848 የሚባለውን የውክልና ቅጽ ስትፈርም ንግግሩ ሁሉ በተወካይህ ያልፋል። መርማሪ ፊት ለፊት እያናገረህ ቢሆን እንኳ ተወካይ ላማክር ካልክ ቃለ መጠይቁን ማቋረጥ አለበት። ይህ ሕግ ነው።

ባለ ሱቋ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ ትንሽ ሱቅ አለኝ። በአካል ኦዲት ላይ ነኝ። የባንክ መግለጫዬን አይተው አንድ ትልቅ ገንዘብ የገባበትን ወር ጠየቁኝ። የእቁብ ደርሶኝ ነው። እንዴት ነው የማስረዳቸው? ሽያጭ ነው ብለው ሊይዙብኝ ነው።

ሂሳብ ሠሪዋ፦
እህቴ፣ ይህ ጥያቄ ብቻውን ሌላ ውይይት ይወጣዋል። ኦዲተሩ ምንጩ ያልታወቀ ተቀማጭ ሲያይ ገቢ አድርጎ መያዝ ይችላል። አይደለም ብሎ ማስረዳት ደግሞ በአንቺ ላይ ይወድቃል። እቁብ ግን ገቢ አይደለም። የደረሰሽ የራስሽ ቁጠባ ነው፤ ቀድሞ ከደረሰሽ ደግሞ ቀሪውን እየከፈልሽ ትጨርሺዋለሽ። በብር ሲታይ የገባውና የወጣው እኩል ነው።

የሚያስፈልግሽ ወረቀት ነው። የእቁቡን ደብተር ኮፒ ከሰብሳቢው ጠይቂ፦ የዕጣው መጠን፣ የአባላቱ ብዛት፣ ያንቺ ዕጣ የወጣበት ቀን፣ ሳምንታዊው መዋጮ። ከባንክሽ በየሳምንቱ ያወጣሽውን ገንዘብ ጎን ለጎን አሰልፊው። ሰብሳቢውና ሁለት አባላት ፈርመው መግለጫ ይስጡሽ። እቁብ ምን እንደሆነም በግማሽ ገጽ አስረጂ፤ ኦዲተሩ ሰምቶት ላያውቅ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ብቻ የሚሄድ፣ ደብተር የሌለው እቁብ ላይ ካላችሁ ከዛሬ ጀምሮ ደብተር ይኑረው።

ኦዲተሩ ባይቀበል ጉዳዩ ወደ አይአርኤስ የይግባኝ ክፍል እንዲሄድ ጠይቂ። እዚያ የሚያይሽ ሰው ኦዲቱ ላይ እጁ የሌለበት ነው።

እናት በዳላስ፦
የደብዳቤ ነገር አንድ ጥያቄ አለኝ። ጎረቤቴ አዲስ አበባ እናቷን ልታስታምም ሄዳ ስትመለስ ፖስታዋ ተከምሮ አገኘችው። አንዱ ደሞዝና ባንክ ልንይዝ ነው ይላል። ሁሉ ነገር አለቀ ማለት ነው?

ሕግ ተማሪ፦
የትኛው ደብዳቤ ነው? ሲፒ504 ከሆነ ያስፈራራል እንጂ የመጨረሻው አይደለም። የመጨረሻው ኤልቲ11 ወይም ደብዳቤ 1058 ነው። እሱ ሲመጣ 30 ቀን አላት። በፎርም 12153 ከመያዙ በፊት ልሰማ ብላ ትጠይቃለች። ይህን መብት የፈጠረው የ1998ቱ የአይአርኤስ ማሻሻያ ሕግ ነው። ጥያቄዋ በጊዜው ከደረሰ በአጠቃላይ መያዙ ይቆማል። ይግባኝ ክፍሉ ፊት በየወሩ ልክፈል፣ በቅናሽ እንስማማ ወይም አሁን አቅም የለኝም ማለት ትችላለች። ውሳኔው ካላረካት ወደ ታክስ ፍርድ ቤት ትሄዳለች። 30 ቀኑ ካለፈ ደግሞ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በኋላ በአንድ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውይይት መጠየቅ ይቻላል፤ ፍርድ ቤት መሄዱ ግን ይቀራል።

ደግሞ አንድ ወጥመድ አለ። የ90 ቀን ደብዳቤው ደርሷት ዝም ካለች እዚህ ላይ ታክሱ ራሱ ልክ አይደለም ብላ መከራከር አትችልም። የምትነጋገረው ስለ አከፋፈሉ ብቻ ይሆናል።

የድሮ ሰው፦
ደብዳቤው ባይደርሳትስ? ቤት ቀይራ ቢሆን?

ሂሳብ ሠሪዋ፦
ጋሼ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። አይአርኤስ በሚያውቀው የመጨረሻ አድራሻ ከላከ፣ ሰውየው ባያነበውም ደብዳቤው በሕግ ይጸናል። 90 ቀኑ የሚቆጠረው ከተላከበት ቀን ነው። ውጭ አገር ላለ ሰው የተላከ ከሆነ 150 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ቤት የቀየራችሁ ሁሉ የአድራሻ ለውጥ ቅጹን፣ ፎርም 8822ን፣ ላኩ። ለፖስታ ቤት ብቻ በመንገር አትተማመኑ። አገር ቤት ስትሄዱ ፖስታችሁን የሚከፍት የምታምኑት ሰው ይኑር። ሰርቲፋይድ (በመዝገብ የሚላክ) ፖስታ መጥቷል የሚል ወረቀት በር ላይ ካያችሁ ሄዳችሁ ውሰዱት። አለመቀበል አያድናችሁም።

ዜግነት ያገኛችሁ ደግሞ ሌላም አለ። ከወለድና ከቅጣት ጋር ከወሰኑ የዘለለ የተረጋገጠ የታክስ ዕዳ ፓስፖርት ያስከለክላል፤ ወሰኑ ሕጉ ሲወጣ በ2015 50,000 ዶላር ነበር፣ በየዓመቱም ከዋጋ ንረት ጋር ከፍ ይላል። በስምምነት በየወሩ የሚከፍል ወይም ልሰማ ብሎ በጊዜው የጠየቀ ሰው ግን ይህ አይነካውም። ለዜግነት የምታመለክቱም ያልተከፈለ ታክስ አለብህ ወይ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። የክፍያ ስምምነት ወረቀት ይዞ መቅረብ ባዶ እጅ ከመቅረብ በጣም ይሻላል።

የማለዳ ሾፌር፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ማጠቃለያውን አወረድኩት፤ ልክ እንደተባለው ኮሚሽኑ አልተቀነሰም ነበር። ክሊኒኩም ቀጠሮ ሰጥቶኛል። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ አይአርኤስ ደውዬ አስተርጓሚ አገናኝተውኝ ሁሉን ነገር አስረድቻለሁ። ሴትዮዋም ገብቷታል። በጽሑፍ የግድ ነው?

ሂሳብ ሠሪዋ፦
የግድ ነው። ስልክ ቀን አያስቆምም። የ90 ቀኑ ደብዳቤ ሲመጣም እንደዚሁ ነው፦ ከአይአርኤስ ጋር እየተነጋገርክ፣ ወረቀት እየላክህ፣ ሰው እያየልህ ቢሆንም ቀኑ ይሮጣል። ታክስ ፍርድ ቤት በቀኑ ካላመለከትክ አለፈህ። ለአሁኑ ደብዳቤው ላይ ባለው ፋክስ ወይም በሰርቲፋይድ ፖስታ ላክ፣ ደረሰኙን አስቀምጥ። ከክሊኒኩ ቀጠሮ በፊት ቀኑ የሚያልፍ ከሆነ ነገ ጠዋት ደውለህ ጭማሪ ጠይቅ፤ ያነጋገረህን ሰው መለያ ቁጥርና ሰዓቱን ጻፍ።